ስልካችን የያዘው የሁላችንንም ገመና ነው

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በቀድሞዋ ገንዘብ ያዥ የቀረበ ንግግር



ሊቀመንበራችን «ስለ ስልክና ስለ ግል ምስጢር አንድ ነገር ንገሪን» ስትለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። አራት ዓመት የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ሆኜ አገልግያለሁ፤ ከዚያ ውጭ የምተዳደረው በትንሽ ሱቅ ነው። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን በዚህ ጉዳይ ላይ የምናገረው አንድ ነገር እንዳለኝ ገባኝ። እሱም የራሴ ጥፋት ነው። ባለሙያ የሚያስተምረው አለ፣ በእሳት የተቃጠለ ሰው የሚናገረው ደግሞ አለ። ስለዚህ ከጥፋቴ ልጀምር።

ነገሩ የሆነው በሰኔ ወር፣ ሒሳብ ስንዘጋ ነው። ያን ሰሞን ስልኬ አላርፍ ብሎ ነበር። አንዷ «ቁጠባዬ ስንት ደረሰ?» ትላለች፣ ሌላዋ «ብድሬ ስንት ቀረኝ?» ትላለች። ለእያንዳንዷ መመለስ ታከተኝና የሒሳብ መዝገቡን ሁለት ገጽ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፍሁት። «ሁላችሁም ስማችሁን ፈልጋችሁ እዩ» ብዬ ጻፍሁበት። እንዲያውም ጎበዝ የሆንሁ መስሎኝ ነበር፤ ግልጽ አሠራር ይሏል ይሄ ነው ብዬ።

በዚያ ገጽ ላይ ምን ነበረ? የእያንዳንዷ ሙሉ ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የቆጠበችው ብር፣ የተበደረችው ብር፣ ያላሳለፈችበትና ያሳለፈችበት ወር። በግሩፑ ውስጥስ ማን ነበረ? አባላት ብቻ ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። በኋላ ስንቆጥር ከማኅበሩ ከወጡ ሁለትና ሦስት ዓመት የሆናቸው ሴቶች አሉበት። በልጆቻቸው ስልክ የገቡ እናቶች አሉበት። ከባሏ ጋር በአንድ ስልክ የምትጠቀም አለችበት።

አንዲት እህታችን እንጀራ እየሸጠች፣ ከዕለት ገቢዋ እየቀነሰች፣ ሴት ልጇን ነርስነት ለማስተማር ሦስት ዓመት ቆጥባ ነበር። ስንት እንደቆጠበች በቤቷ የሚያውቅ አልነበረም። ቤቷን የምታውቀው እሷ ናት፤ ያልተናገረችው ምክንያት ስለነበራት ነው። የለጠፍሁትን ገጽ የባለቤቷ ወንድም በሚስቱ ስልክ ላይ አየው። ማታውኑ ወሬው ቤቷ ገባ። «ይህን ያህል ብር ይዘሽ እኔ በዕዳ ስጨነቅ ዝም ትያለሽ?» ተባለች። በሳምንቱ መጥታ ቁጠባዋን በሙሉ አወጣች። እኔው ነኝ ቆጥሬ የሰጠኋት። ለምን እንደምታወጣው ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ «ይሁን፣ የኔ እህት» ብቻ አለችኝ። ልጅቷ ትምህርቷን የጀመረችው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። እናቷም ስምንት ወር ሙሉ ስብሰባ አልመጣችም።

ፎቶውን የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰርዤው ነበር። ቴሌግራም የላካችሁትን ከሁሉም ሰው ስልክ ላይ ለማጥፋት ያስችላል። ነገር ግን ቀድሞ ወደ ጋለሪ የገባውን ወይም ስክሪንሾት የተነሳውን ሊያጠፋ አይችልም። ሰው ዓይን ውስጥ የገባውንማ ማን ያወጣዋል?

ይህን ታሪክ ዛሬ እንድናገር እህታችን ራሷ ፈቅዳልኛለች። ያዘጋጀሁትን ጽሑፍ አነበብሁላት፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር «ይውጣልኝ» አለችኝና አወጣሁት። ያኔም እንዲህ ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናገረው ባልኖረ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ስለ ስልክ መጠየቅና መማር ጀመርሁ። ብዙዎቻችሁ «እኔ ምን የምደብቀው አለኝ? ድሃ ነኝ፣ ማን ይፈልገኛል?» ትላላችሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ግን እናቶቻችን አንድ ቃል አስተምረውናል፤ ገመና። ጎረቤት ቤት ምሳ ያልተሠራ እንደሆነ ያየች ሴት ዝም ብላ እንጀራ በመሶብ ሸፍና ትልካለች እንጂ በደጅ አታወራም። ገመና ከታች ሴት ተብላ ትከበራለች። በራችንን የምንዘጋው፣ መጋረጃ የምንሰቅለው ወንጀል ስለምንሠራ ነው እንዴ? ሰው ስለሆንን ነው። ዛሬ ያ በርና ያ መጋረጃ ስልካችን ላይ መጥቷል፤ ብዙዎቻችን ግን ሳንዘጋው እንተኛለን።

ደግሞም ስልካችሁ የያዘው የእናንተን ብቻ አይደለም። የእኔ ቁጥር በእናንተ ስልክ አለ። የልጆቻችን ፎቶ፣ የዕድራችን ስም ዝርዝር፣ አንዷ ሌሊት ያለቀሰችበት የድምፅ መልእክት አለ። እናንተ «ምንም የለኝም» ብላችሁ በሩን ስትከፍቱት የሚገባው ሌባ የእኔንም ይወስዳል።

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ። ብዙ አላበዛም፤ ቤት ገብታችሁ ዛሬ ማታ ልትሠሩት የምትችሉትን ብቻ ነው የምናገረው።

የመጀመሪያው መቆለፊያ ነው። ስልካችሁ ላይ ቁልፍ ይኑር። ቁጥሩ 1234 ወይም የልደት ዓመታችሁ አይሁን። ለሞባይል ገንዘብ የምትጠቀሙበት የምስጢር ቁጥር ደግሞ ከስልኩ መክፈቻ የተለየ ይሁን። ልጆቻችን ጌም ለመጫወት ብለው የስልኩን መክፈቻ ያውቁታል። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ብራችንንም ያውቁታል ማለት ነው፤ ልጁ ባይነካውም ልጁን አጠገቡ ቆሞ ያየ ጓደኛው አለ።

የምስጢር ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በስልኩ ሽፋን ውስጥ የምታስቀምጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አትቆጡኝ፣ እማማ፤ ስም አልጠራሁም። ሱቅ ላይ ቆማችሁ «ልጄ፣ ቁጥሬ ይሄ ነው፣ ላክልኝ» የምትሉም አላችሁ። እኔም ሱቅ አለኝና ስንት ሰው ቁጥሩን ጮክ ብሎ እንደሚነግረኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ልጁ ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላችሁ የተሰለፈውስ? የተቀባዩን ስልክና የብሩን መጠን ልጁ ይጻፍላችሁ፤ የምስጢር ቁጥሩን ግን ራሳችሁ ንኩት። ቁጥር ማንበብ ለሚያስቸግራት እናት ቦታውን በጣት ማስለመድ ይቻላል። «ከላይ መሃል፣ ከታች ቀኝ» እያልን በማኅበራችን አምስት እናቶችን አስለምደናል። ዛሬ የማንንም ልጅ አይለምኑም።

በተቆለፈ ስልክ ላይም የሚታይ ነገር አለ። መልእክት ሲገባ ጽሑፉ ስልኩ ሳይከፈት ፊት ለፊት ይወጣል። ባንክ የላከው ቀሪ ሒሳብ፣ ክሊኒክ የላከው ቀጠሮ፣ ሁሉም ይታያል። ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን የሚለው ላይ ገብታችሁ በተቆለፈ ስልክ ላይ የመልእክቱ ይዘት እንዳይታይ ማድረግ ትችላላችሁ። ይህን ብቻ በማድረግ ስንት ቤት ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

ሲም ካርዱም ራሱ ቁልፍ አለው። ስልካችሁ ቢሰረቅ ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ቢከተው በእናንተ ቁጥር የሚላከው ኮድ ሁሉ ለእሱ ይደርሰዋል። የሲም መቆለፊያ ካለ ግን ቁጥሩን ሳያስገባ አይከፈትለትም። አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ሲሙ ይዘጋል፤ ለመክፈት ፑክ የሚባለው ረጅም ቁጥር ያስፈልጋል። ስለዚህ ብቻችሁን ከመሞከር፣ ሲሙን የሸጠላችሁ ድርጅት አገልግሎት ማዕከል ሄዳችሁ ወይም ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆናችሁ አድርጉት። ስልክ የተሰረቀባት ሴት ደግሞ ከለቅሶዋ በፊት የምታደርገው ሲሙን ማዘጋት፣ ከዚያ የሞባይል ገንዘቧንና የባንክ ሒሳቧን ማሳገድ ነው።

ሁለተኛው ኮድ ነው። ይህን በደንብ አድምጡኝ፤ ማኅበራችን ውስጥ ገንዘብ የተበላበት እዚህ ላይ ነውና። አንዲት አባላችን ከቅርብ ጓደኛዋ በቴሌግራም መልእክት ደረሳት። «ልጄ ውድድር ላይ ናት፤ ይህን ተጫኚና ድምፅ ስጪልኝ» ይላል። ተጫነች። የተከፈተው ገጽ ስልክ ቁጥር ጠየቃት፣ ሰጠች። ቀጥሎ «የመጣልሽን ኮድ አስገቢ» አላት፣ አስገባች። ድምፅ የሰጠች መሰላት። ለካ ያ ኮድ የራሷ ቴሌግራም መግቢያ ነበር። ጓደኛዋ ስም የጻፈላትም ጓደኛዋ አልነበረችም፤ እሷም በዚያው መንገድ የተጠለፈች ናት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ በአባላችን ስም ለሁላችንም ጽሑፍ መጣ፤ «እህቴ ታማ ሆስፒታል ነኝ፣ ብር አንሶኛል፣ ማታ እመልሳለሁ» የሚል። ሦስት ሴቶች ላኩ። ለምን አይልኩ? እኛ የተሰባሰብነው ለዚሁ አይደል? ሌባው የገባው በደግነታችን በኩል ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገር እንያዝ። ኮድ የቤት ቁልፍ ነው፤ ለማንም፣ ለእህትም ቢሆን፣ ለባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚልም ቢሆን አይሰጥም። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ የምስጢር ቁጥራችሁን አይጠይቃችሁም። ሁለተኛ፣ ብር የሚለምን ጽሑፍ ከማንም ቢመጣ ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ ድምፅ ስሙ። የሁለት ደቂቃ የአየር ሰዓት ነው። ሦስተኛ፣ ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» በሚለው ሥር «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ክፈቱና ተጨማሪ የይለፍ ቃል አውጡ። ያን ጊዜ ሌባ ኮዱን ቢያገኝ እንኳ የይለፍ ቃሉ ይቀረዋል። ዋትስአፕም ተመሳሳይ ነገር አለው። እዚያው ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያይና ማን ግሩፕ ውስጥ ሊጨምራችሁ እንደሚችል መወሰን ትችላላችሁ። ቁጥራችሁን የማያውቁት ሰው እንዳያየው አድርጉ።

ሦስተኛው ለመናገር የሚከብድ ነው፤ ቤት ውስጥ ያለ ዓይን። ስልካችሁን ለአንድ ደቂቃ የያዘ ሰው የእናንተን ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ሊከፍተው ይችላል። ከዚያ በኋላ የምትጽፉትን ሁሉ ከሩቅ ሆኖ ያነባል። ለማወቅ ዋትስአፕ ላይ «ሊንክድ ዲቫይስስ»፣ ቴሌግራም ላይ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱ። እናንተ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከተዘረዘረ የሆነ ሰው እያነበበ ነው ማለት ነው። እዚያው ላይ ተጭኖ ማስወጣት ይቻላል። ሎኬሽናችሁን ለማን እያጋራችሁ እንደሆነም ተመልከቱ፤ አንዴ ተከፍቶ የተረሳ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን፣ እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሚከታተላችሁ ሰው የሚማታ፣ የሚያስፈራራ ከሆነ ድንገት ስትዘጉበት ማወቃችሁን ያውቃል፤ ቁጣውም ሊብስ ይችላል። በዚህ ሁኔታ ያለች ሴት መጀመሪያ መዝጋት የለባትም። መጀመሪያ እሱ በማይነካው ስልክ፣ ለምሳሌ በምታምናት ሴት ስልክ፣ ምክር ትጠይቅ። ወዴት እንደምትሄድ፣ ማን እንደሚደርስላት ካወቀች በኋላ ትዝጋው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የኛም ማኅበር ቢሮ በር አለው፣ ስልክም አለው። ለዚህ ጉዳይ የመጣች ሴት ስሟ በመዝገብ እንደማይጻፍ ኮሚቴው ወስኗል።

አራተኛው የምንጭናቸው አፖች ናቸው። የእጅ ባትሪ ለማብራት የተጫነ አፕ የስልክ ማውጫችሁን፣ ፎቶአችሁንና ማይክራፎናችሁን ላይ ፈቃድ ሲጠይቅ «እሺ» እንላለን። ባትሪ ለማብራት የእኔን ቁጥር ማወቅ ምን ያደርግለታል? ሴቲንግ ውስጥ አፖች የሚለው ላይ ገብታችሁ ለእያንዳንዱ የሰጣችሁትን ፈቃድ ማየትና መንጠቅ ትችላላችሁ። የማትጠቀሙበትን አጥፉት።

በተለይ «ያለ ዋስ፣ በአምስት ደቂቃ ብድር» የሚሉትን ተጠንቀቁ። ጎረቤታችን ኬንያ የሆነውን ልንገራችሁ። እዚያ በስልክ የሚያበድሩ አንዳንድ ድርጅቶች ብድሩን ሲሰጡ የተበዳሪዋን የስልክ ማውጫ ይወስዱ ነበር። ክፍያ ሲዘገይ ለእናቷ፣ ለአለቃዋ፣ ለጓደኞቿ እየደወሉና እየጻፉ ያዋርዷት ነበር። ኬንያ በ2019 እ.ኤ.አ. የመረጃ ጥበቃ ሕግ አወጣች። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት እንዲህ ያደርግ የነበረ አንድ አበዳሪ ላይ ወደ ሦስት ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ የሚጠጋ ቅጣት ጣለ። በዚያው ቀን የደንበኛውን ፎቶ ሳያስፈቅድ የለጠፈ ምግብ ቤት 1,850,000 ሽልንግ ተቀጣ። ከሁሉም ከፍተኛው ቅጣት ግን የተጣለው በአንድ ትምህርት ቤት ላይ ነው፤ የሕፃናትን ፎቶ ወላጆችን ሳያስፈቅድ በመለጠፉ 4,550,000 ሽልንግ። ይህን ሳነብ የራሴን ለጠፋ አስታወስሁና ላብ አጠመቀኝ።

እኛም አገር ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የግል ሕይወታችንን ይጠብቃል፤ በደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የምንለዋወጠውንም ይጨምራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ቁጥሩ 1321 ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፍሬ ነገሩን በእኛ ቋንቋ ልንገራችሁ። የሰው መረጃ የሚሰበስብ ለምን እንደሚሰበስበው ይናገር፤ ከሚያስፈልገው በላይ አይውሰድ፤ ለዚህ ብሎ የወሰደውን ለዚያ አያውለው፤ በደንብ ይጠብቀው። ይህ ለትልልቅ ድርጅቶች ብቻ የሚነገር አይምሰላችሁ። መዝገብ ይዤ የተቀመጥሁት እኔም የሰው መረጃ ሰብሳቢ ነበርሁ።

አምስተኛው የመታወቂያና የፎቶ ነገር ነው። አንዳንዶቻችን በዐረብ አገር ያሉ ልጆች አሉን። ፓስፖርታቸውንና የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ፎቶ ይልኩልናል፤ እኛም ለደላላ፣ ለዘመድ፣ «ይርዳን» ላልነው ሁሉ እናስተላልፋለን። የፋይዳ መታወቂያችንንም እንዲሁ። የመታወቂያ ኮፒ ስትሰጡ በላዩ ላይ «ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ብቻ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉበት። ያን ጊዜ ለሌላ ነገር ሊጠቀምበት ለሚፈልግ አይመችም። ሥራው ሲያልቅ ከስልካችሁ ሰርዙት፤ የላካችሁለትም እንዲሰርዝ ንገሩት።

ስልክ ስታስጠግኑ አጠገቡ ቆዩ፤ ማደር ካለበት ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱን አውጡ። ስትሸጡት ወይም ለልጅ ስታወርሱት መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ ከአካውንቶቻችሁ ውጡ፣ ከዚያ ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጋችሁ አጽዱት። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ የተሰረዘን ፎቶ የሚመልስ ሰው አለ።

በመጨረሻ ወደ ማኅበራችን ልመለስ። ከዚያ ሰኔ በኋላ ኮሚቴው ቁጭ ብሎ አምስት ነገር ወሰነ። የሒሳብ መዝገብ ፎቶ አይነሳም። እያንዳንዷ የራሷን ሒሳብ በአካል ወይም ራሷ በመረጠችው መንገድ ብቻ ታውቃለች፤ ጉባኤ ላይ የሚነገረው የማኅበሩ ድምር ነው። ከማኅበሩ የወጣች ሴት በዚያው ሳምንት ከግሩፑ ትወጣለች። ብድር ያሳለፈች ሴት ስም በግሩፕ ላይ አይጠራም፤ ሁለት ሴት ሄደው ቤቷ ያነጋግሯታል። ገንዘብ ያዥ ስትቀየር ማኅበሩን የሚመለከተው ሁሉ ከአሮጌዋ ስልክ ይሰረዛል። የእኔ ስልክ በአዲሷ ገንዘብ ያዥ ፊት ሲሰረዝ አይቻለሁ። ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ሸክም እንደማራገፍ ነው።

«ታዲያ ግልጽነት የት ሄደ? ገንዘብ ያዥዋ ብትሰርቅስ?» ብላችሁ የጠየቃችሁ ነበራችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መዝገቡን በየሦስት ወሩ ጉባኤው የመረጣቸው ሦስት ሴቶች ገጽ በገጽ ያያሉ፣ ይፈርማሉ። ማኅበሩ ስለ ገንዘቡ ለሁላችንም መልስ መስጠት አለበት። አንዲት ሴት ስለ ቁጠባዋ ለግሩፑ ሁሉ መልስ መስጠት የለባትም።

ይህን መጽሔት ለምታነቡ ለጋሾቻችንም አንድ ቃል አለኝ፤ በፍቅር ተቀበሉኝ። የረዳችሁንን ነገር ማየት እንደምትፈልጉ እናውቃለን፤ መብታችሁም ነው። ቁጥሩን፣ ደረሰኙን፣ የተከፈተውን ሱቅ፣ የተገዛውን የልብስ ስፌት መኪና እናሳያችኋለን። ነገር ግን የአንዲትን ሴት ፊት፣ ስሟን፣ ሰፈሯንና የደረሰባትን መከራ በአንድ ገጽ ላይ አትጠይቁን። እናንተ ለአንድ ቀን ታነቡታላችሁ፤ እሷ ግን ሰፈሯ ውስጥ ትኖራለች፤ ልጆቿም አድገው ያገኙታል። እርዳታ የምትፈልግ ሴት «ፎቶ ልነሳ?» ስትባል «አይሆንም» ለማለት ይከብዳታል። ስለዚህ እኛ ራሳችን አስቀድመን «እርዳታው ከፎቶው ጋር አይገናኝም» ብለን እንነግራታለን። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መጽሔት ፊቷ የሚወጣ ሴት ጽሑፉ ተነቦላት የፈቀደች ብቻ ናት። ፎቶ ያነሰበት እትም ብታዩ የሥራችን ማነስ አይምሰላችሁ።

እህቶቼ፣ ዛሬ ማታ ሁሉንም አድርጉ አልልም። አንድ ነገር ብቻ። ስልካችሁን ከፍታችሁ የምስጢር ቁጥራችሁን ቀይሩ። ነገ ደግሞ ሌላ አንድ። እሑድ ከስብሰባ በኋላ ቡና ስናፈላ ያላወቀችውን ያወቀችው ታሳያት፤ ማሳየት እንጂ ተቀብሎ መሥራት አይደለም፤ ስልኳ በእጇ ይሁን።

ያቺ እህታችን ከስምንት ወር በኋላ ተመለሰች። እኔ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ቡና አፈላችልኝ፤ ስለ ነገሩ ብዙ አላወራንም። እንደገና መቆጠብ ስትጀምር በሃምሳ ብር ጀመረች። ልጇ አሁን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። መዝገቡን በየሦስት ወሩ ከሚያዩት ሦስት ሴቶች አንዷ እንድትሆን ስትጠየቅም እሺ ብላ ገብታበታለች፤ በዚያ ሥራ ላይ ከሷ የተሻለች ጠባቂ አላየሁም፤ ገጹን ከመግለጧ በፊት በሩን ትዘጋለች።

ዛሬም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ከመካከላችን ተቀምጣለች። እባካችሁ ዞራችሁ አትፈልጓት።